የምናሳድጋት ልጅ በር ላይ ተቀመጠች፤ ተነሽ ማለቴ ጥፋት ነው?

በዚህ ርዕስ መድረኩ ላይ የከፈትኩት ክር (ውይይት) 31 ምላሽ ላይ ቆሟል። አሁንም አዲስ አንባቢ አይጠፋም፤ ግማሹን አንብቦ ሌላው ግማሽ ላይ የተመለሰውን እየጠየቀ ስላስቸገረኝ የተባባልነውን በተራ ቁጥሩ ጠቅለል አድርጌ አስቀምጬዋለሁ። የማንንም ቃል እንዳለ አልገለበጥኩም። አንዳንዱ ቃል ባለቤቱ ጋ ቢቀር ይሻላል፤ አንዳንዱ ደግሞ በስልክ እየተሮጠ የተጻፈ ስለሆነ ቢገለበጥም አይነበብም።

መነሻው የእኔ ጽሑፍ ነበር። ቤታችን ባሕር ዳር፣ ሽምብጥ ነው። እናቴ ሐይቁ ዳር ዓሣ ትሸጣለች፤ ቆሮሶና አምባዛ። የዛሬ 10 ዓመት ገደማ ከዘጌ በታንኳ የሚመጣ እንጨት እየተቀበለች የምትሸጥ አንዲት ሴት ነበረች፤ ከእናቴ ጋር ቡና የሚጣጡ። ሴትዮዋ ታመመች። የ4 ዓመት ልጇን እኛ ቤት አስቀምጣ ጠበል ሄደች፤ በዚያው ቀረች። አባትየው ልጅቱ ሳትወለድ አገር ጥሎ የሄደ ነው፤ የእሱን ስም እንጂ የአባቱን ስም የሚያውቅ ሰው አላገኘንም። በለቅሶው ላይ እናቴ በንስሐ አባቷና በእድሩ ሰዎች ፊት ልጅቱ ልጄ ናት አለች፤ በዚያው አለቀ። ወረቀት የሚባል ነገር ማንም አላሰበም።

አሁን 14 ዓመቷ ነው፤ 8ኛ ክፍል ደርሳለች። ለክልሉ ፈተና ቅጽ ሲሞላ ሙሉ ስም ከነአያት ይጠየቃል። እሷ የእኔን አያት ስም ጻፈች፤ ሳሎናችን ግድግዳ ላይ ፎቷቸው የተሰቀለውን። ቅጹን የሚሰበስበው መምህር ሠፈርተኛችን ስለሆነ ያውቃታል። በክፍሉ ሁሉ ፊት የሰው አያት እንዳትሰርቅ ነገራትና ስሟን ከዝርዝሩ ላይ ሰረዘው። ወላጅ ወይም የፍርድ ቤት ወረቀት ካላመጣች ፈተና የለም ተባለ።

እሷም ዩኒፎርሟን ለብሳ፣ ደብተሯን ይዛ፣ ከቢሮው ትይዩ ያለው ደረጃ ላይ ተቀመጠች። አልጮኸችም፤ አላለቀሰችም፤ ማንንም አልለመነችም። ምን እንደምትሠራ ሲጠይቋት ስሟ እስኪመለስ እየጠበቀች መሆኑን ትናገራለች፤ ከዚያ ወደ ንባቧ ትመለሳለች። ይህ 4 ቀን ቆየ። በሁለተኛው ቀን ሄጄ እንድትነሳና መምህሩን ይቅርታ እንድትጠይቅ ነገርኳት። ቀና ብላ አየችኝና ገጹን ገለበጠች። በሦስተኛው ቀን 7 የክፍሏ ልጆች በዕረፍት ሰዓት መጥተው አጠገቧ ተቀመጡ። ጥያቄዬ አጭር ነበር፤ እኔ ተነሽ ማለቴ ልክ ነበር ወይ?

ምላሽ 1 የመጣው ከአባይ ማዶ ነው፤ በጣም ጨዋ ሰው። እናቴን ሦስት ጊዜ መረቀ። ከዚያ መምህር እንደ አባት መሆኑን፣ ልጅ ከታላቅ ጋር እልህ ከተጋባ ነገ ማንም እንደማይመልሰው፣ እኔም እንደ ታላቅ ወንድም የሚገባኝን ማድረጌን ጻፈ። በተዘጋ አፍ ዝንብ አይገባም በሚለው ተረት ዘጋው።

ምላሽ 2 አንድ መስመር ብቻ ነው፤ ካለመናገር ደጃዝማችነት ይቀራል። ሰላምታ የለ፣ ስንብት የለ። በክሩ ውስጥ ከሁሉ የበለጠ የተወደደው ይኸው ነው። ተረትን በተረት መመለስ አገራችን ላይ ክርክር ሳይሆን ስፖርት ነው።

ምላሽ 3 የሕግ ባለሙያ ናት። እሷ ስትጽፍ ሁሉም ጸጥ አለ፤ እኔም ብዙ ነገር እንደማላውቅ የገባኝ ያኔ ነው። ሦስት ነገሮችን እንዳንቀላቅል ለመነችን፤ ማሳደግ፣ ሞግዚትነትና ጉዲፈቻ። ማሳደግ ብቻውን በሕግ ዓይን ደግነት እንጂ ዝምድና እንዳልሆነ ገለጸች። ሞግዚትነት ልጁ 18 ዓመት ሲሞላው ያበቃል። ጉዲፈቻ ግን ልጅ ማድረግ ነው፤ አድራጊው ቢያንስ 25 ዓመት የሞላው፣ ልጁ ከ18 ዓመት በታች መሆን አለበት፤ ስምምነቱም ፍርድ ቤት ካላጸደቀው አይጸናም። ዳኛው ከማጽደቁ በፊት የልጁን ሐሳብ ይሰማል። አንዴ ከጸደቀ ደግሞ እንደ ቤት ኪራይ ውል አይፈርስም፤ የሚፈርሰው አሳዳጊው ልጁን እንደ ባሪያ ሲይዘው ወይም የወደፊት ሕይወቱን በሚያበላሽ መንገድ ሲያኖረው ነው። ከወለደው ቤተሰብም አይቆርጠውም። ይህን ሁሉ የጠቀሰችው ከፌዴራሉ የቤተሰብ ሕግ፣ ከአዋጅ ቁጥር 213/1992 ነው፤ ክልላችን የራሱ አዋጅ፣ ቁጥር 79/1995፣ ስላለው ዝርዝሩን ከዚያ እንድንመለከት መከረች። በመጨረሻ የጻፈችው ግን ሕግ አልነበረም። ትምህርት ቤቱ ወረቀት መጠየቁ በደል እንዳልሆነ፣ በደሉ በልጆች ፊት ሌባ መባሏ እንደሆነ፣ እኔ ደግሞ ሁለቱን ሳልለይ በሁለቱም ዝም እንድትል መንገሬን አስታወሰችኝ።

ምላሽ 4 እናት ናቸው፤ ጎንደር ተወልደው ባሕር ዳር የኖሩ። ሕግ ሳይመጣ በፊትም ልጅ ማድረግ እንደነበር ተቆጥተው ጻፉ። የጡት ልጅ የሚባለውን አነሱ፤ ጡት ወይም ጣት ማር ተቀብቶ ልጁ ይጠባል፣ ሽማግሌ ይመሰክራል፣ ከዚያ ወዲያ ያ ልጅ ልጅ ነው። የእናቴ የለቅሶ ላይ ቃል ከዚያ እንደማይተናነስም ጨመሩ። ባለሙያዋ በምላሽ 5 በአክብሮት ተመለሰች። የባህሉን ክብር እንደምትቀበል ጻፈችና፣ ችግሩ ግን የፈተና ቅጹ ማር የማይቀምስ መሆኑ ነው አለች። እትዬ ራሳቸው ሳቁባት።

እስከዚህ ድረስ ቤቱ የቡና ቤት ይመስል ነበር። ምላሽ 6 አደፈረሰው።

ሰውየው መዝጋቢ ነው፤ የት እንደሚሠራ አልገለጸም። ሁላችንንም አልቃሾች አለን። በየዓመቱ በስም ስህተት የሚንከራተቱ ወጣቶችን እሱ እንደሚያያቸው፣ አንዱ 8ኛ ክፍል ላይ የአጎቱን አባት አያት አድርጎ ሞልቶ ኮሌጅ ሲገባ ሌላ ስም፣ ፓስፖርት ሲያወጣ ሌላ ስም ሆኖ ስንት ዓመት እንደተንገላታ ዘረዘረ። የወሳኝ ኩነት አዋጅ፣ ቁጥር 760/2004፣ ልደትና ሞትን ብቻ ሳይሆን ጉዲፈቻንም እንደሚመዘግብ፣ የእኛ ቤት ደግሞ 10 ዓመት ሙሉ እንደተኛ ነገረን። መምህሩ የውሸት ስም ቢያሳልፍ የሚጠየቀው እሱ ነው። ሰላማዊ ተቃውሞ ምናምን እያልን የምናሞግሰው የራሳችንን ስንፍና መሸፈኛ ነው ብሎ ጨረሰ።

አንጀቴ አረረ። ግን ልክ ነበር፤ ቢያንስ ግማሹ። እናቴ ፊደል አልቆጠረችም፤ እኔ ግን ዲግሪ አለኝ፤ አሥር ዓመት ሙሉ አንድ ቀን እንኳ ቀበሌ ሄጄ አልጠየቅኩም። ምላሽ 7 ደግሞ ሌላውን ግማሽ ያዘለት፤ ስም ማጣራት ሥራ ነው፣ ልጅን የሰው አያት ሰረቅሽ ማለት ግን በየትኛውም መመሪያ ላይ አልተጻፈም።

ምላሽ 8 ላይ ልቆይ። ክሩ ሌላ ክር የሆነው እዚያ ነው።

ሴት ናት፤ አሁን የራሷ ሱቅ አላት። በ9 ዓመቷ አክስቷ ከገጠር ወደ ባሕር ዳር ያመጣቻት ላስተምርሽ ብላ ነው። ሠራተኛ ብሎ የጠራት ሰው አልነበረም። ለእንግዳ ሁሉ ልጃችን እየተባለች ትተዋወቃለች፤ እንግዳው ሲሄድ ልጃችን ድስት ታጥባለች። ከሁሉ በኋላ ትበላለች፤ ከሁሉ በፊት ትነሳለች። የቤቱ ልጆች ቀን ሲማሩ እሷ የማታ፤ ያውም ሥራው ካለቀ። ሰፈር ውስጥ ስታጠፋ አሳዳጊ የበደለው ይሏታል፤ ስድቡ እውነት መሆኑን የሚያውቅ ግን አንድም ተሳዳቢ አልነበረም። 13 ዓመቷ ላይ አንድ ጠዋት የውሃ ጄሪካኑን ደጃፍ ላይ አስቀመጠችና ቀን ልትማር ሄደች። ማታ ተመልሳ የቀረውን ሥራ ሁሉ ሠራች። በነጋታው እንደዚያው። አክስቷ ዱላ ስታነሳ አትሸሽም፣ አትሳደብም፣ እጇን አታነሳም፤ ጠዋት ግን ጄሪካኑ ደጃፍ ላይ ነው። በሁለተኛው ሳምንት ቡና ላይ የነበሩ ጎረቤቶች በሕግ አምላክ ብለው በመካከል ገቡ። አክስቷ ያፈረችው ከእሷ ሳይሆን ከቡናው ነው።

ይህን ከጻፈች በኋላ ወደ እኔ ዞረች። የእናንተ ልጅ ቤት ውስጥ ምን ትሠራለች? ዕቃ የሚያጥበው ማነው? መጨረሻ የሚበላውስ?

ለሁለት ቀን አልመለስኩም። እውነቱን ለመናገር ጠዋት ከእናቴ ጋር ዓሣ የምትበልተው እሷ ናት። እኔም በእሷ ዕድሜ እበልት ነበር። ግን እኔ የተውኩት ትምህርት እንዳይበደል ተብሎ 7ኛ ክፍል ስገባ ነው። እሷን ተዪ ያላት የለም። ማንም ክፉ አስቦ አይደለም፤ ማንም አላሰበም።

ምላሽ 9 ሁለት መስመር ነው። ጽሑፌን እንደቆጠረው፣ የምናሳድጋት ልጅ የሚለውን 6 ጊዜ እንደጻፍኩ፣ እህቴ የሚለውን ግን አንድም ጊዜ እንዳልጻፍኩ ነገረኝ። ተናድጄ ራሴ ቆጠርኩት። ርዕሱን ጨምሮ 7 ነው።

ከ10 እስከ 12 ያለው ስድብ ነው። አንዱ መምህራንን ማዋረድ ፋሽን መሆኑን ጻፈ፣ ሌላው የመምህሩን ስም አውጣና ላዋርደው አለ፣ ሦስተኛው የሁለቱንም አሳዳጊ ሰደበ። አስተዳዳሪው አንዱን አጥፍቶታል። የመምህሩን ስም ያኔም አላወጣሁም፤ አሁንም አላወጣም።

ምላሽ 13 ራሳቸውን የ70 ዓመት ሰው ብለው ያስተዋወቁ አባት ናቸው። ልጅቱ ያደረገችው ከውጭ የመጣ ነገር እንዳይመስለን አስጠነቀቁ፤ ደጅ መጥናት የአባቶቻችን ነው። ሰው ጉዳዩ እስኪታይለት ከጌታው ደጅ ወር ሙሉ ይቀመጥ ነበር። ከሳሽና ተከሳሽም የኩታቸው ጫፍ ተቋጥሮ በቁራኛ እስከ ዳኛው ይሄዱ ነበር፤ ያለ ወታደር፣ ያለ ካቴና።

ምላሽ 14 ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ፣ ፔዳ ግቢ የሚማር ልጅ ነው። ይቅርታ አባቴ ብሎ ጀመረና አልራራላቸውም። ደጅ የሚጠና ሰው ሞገስ ይለምናል፤ ጌታው ቢፈልግ ይሰጣል፣ ባይፈልግ ይነፍጋል። እሷ ግን የጌታ ፊት አልለመነችም፤ የራሷን ስም ነው የጠየቀችው። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 30 መሣሪያ ሳይዙ በሰላም መሰብሰብንና አቤቱታ ማቅረብን መብት አድርጎ መጻፉን፣ በአንቀጽ 36 ደግሞ መንግሥት ወላጅ የሌላቸውን ልጆች በልዩ ሁኔታ እንዲጠብቅ ማዘዙን አስከተለ።

ምላሽ 15 ላይ አባት ተመለሱ፤ ይህን ነው የወደድኩላቸው። ደጅ ጥናትን ተዉት። በሕግ አምላክን ግን አይተዉም። ምላሽ 8 ላይ የጠቀሰችውን ቃል አስታወሱ፤ ያ ቃል የተጠራበት ሰው፣ ጌታም ቢሆን፣ የሰነዘረውን እጅ ሰብስቦ ይቆማል፤ ቃሉን የሚጠራው ደግሞ ሕፃንም ደሃም ሊሆን ይችላል። የልጅቱ መቀመጥ ያለ ድምፅ የተባለ በሕግ አምላክ መሆኑን ጻፉ። እኔ ከዚያ የተሻለ ስም አላገኘሁለትም።

ከዚያ ውይይቱ ሄደ። 16 አፄ ቴዎድሮስን አመጣ፤ አባታቸው ሞቶ፣ እናታቸው ኮሶ ሸጠች እየተባሉ ተሰድበው፣ በዘመድ ቤት አድገው የነገሡ። 17 ቴዎድሮስን ለጀግንነት እንጂ ለሰላማዊ ተቃውሞ ምሳሌ ማድረግ የሚፈልግ ሰው መጀመሪያ ጎንደርን ይጠይቅ አለ። 18 የ1960ውን የጎጃም ገበሬ አነሳ፤ በእርሻ ገቢ ግብሩ ላይ መጀመሪያ አቤት ተብሎ ኋላ ጠመንጃ እንደተነሳ፣ መንግሥት ውዝፉን የተወው ለየትኛው እንደሆነ እንድንነግረው ጠየቀ። ማንም አልነገረውም።

ከ19 እስከ 22 ዓሣ ነው። አንዱ እናቴ ቆሮሶውን በስንት እንደምትሸጥ ጠየቀ። ሌላው ስለ እምቦጭ ተማረረ፤ በ2004 ገደማ ታየ የተባለው አረም መረቡን እንዴት እንደሚበላው፣ ስንቱ ሰው ውሃ ውስጥ ገብቶ በእጁ እንደነቀለው። የደንገል ታንኳ ስንት ጊዜ ያገለግላል የሚል ክርክርም ነበር፤ አስተዳዳሪው ወደ ጉዳዩ ተመለሱ ሊል ሲል 23 መጣ።

ምላሽ 23 ታንኳውን ስለሚያበጁት ሰዎች የተነጋገረ አለመኖሩን በማስታወስ ጀመረ። እሱ ከነገደ ወይጦ ነው፤ አያቶቹ ደንገል አጭደው ታንኳ የሠሩ፣ ሰፌድና ሙዳይ የሰፉ፣ ሐይቁ ዳር የኖሩ። ክፍል ውስጥ አጠገቡ የሚቀመጥ ልጅ አልነበረም፤ ምሳውን የሚጋራው አልነበረም፤ በጉማሬ ሥጋ ስም የሚሰደበውን ያህል በራሱ ስም አልተጠራም። የአያቱን ስም ያውቃል፤ የአያቱንም አያት። ስም ማወቅ አላዳነውም። እሱም አንድ ጊዜ ወደ ክፍል አልገባም ብሎ ከውጭ ተቀምጦ ነበር፤ ሦስት ቀን። ማንም አልመጣም። 6ኛ ክፍል ላይ አቋረጠ። ስለ ልጅቱ ድፍረት ብዙ ስለተባለ እሱ የሚጠይቀው ስለ 7ቱ ልጆች መሆኑን ጻፈ፤ ማን ናቸው፣ ወላጆቻቸው ምን አሏቸው?

አንድ ቀን ሙሉ የጻፈ ሰው አልነበረም። ቀድሞ የተመለሰው የአባይ ማዶው ሰው፣ ምላሽ 1 ነው። በ24 ስለ መምህር ክብር ያለውን እንዳልቀየረ፣ ሴት ልጁ ግን ከ7ቱ አንዷ ትሁን አትሁን ማታ እንደጠየቃት፣ እንዳልሆነች፣ ለምን እንዳልሆነች ሲጠይቃት አንተ ትቆጣለህ ብዬ ነው እንዳለችው ጻፈ። ሌላ አልጨመረም።

በ25 መጨረሻው ምን ሆነ የሚል መጣ፤ 26 የእኔ ነው። በአራተኛው ቀን እናቴ ከገበያ ቀጥ ብላ፣ ሽርጧ ዓሣ ዓሣ እየሸተተ፣ የእድሩን ሰብሳቢና ንስሐ አባቷን አስከትላ ሄደች። ርዕሰ መምህሩ አንድ ሰዓት ሰማቸው። ስሟ ወደ ዝርዝሩ ተመለሰ፤ የአያቱ ቦታ ፍርድ ቤት እስኪወስን በእንጥልጥል። አሁን የጉዲፈቻውን ማመልከቻ አስገብተናል፤ ባለሙያዋ፣ ምላሽ 3፣ በነፃ ጻፈችልን። መምህሩ ይቅርታ አልጠየቀም። ቅዳሜ ቅዳሜ ከእናቴ ዓሣ ይገዛል፤ እናቴም ትሸጥለታለች፤ አጉድላም አታውቅም። ይህን ስጽፍ 6 ቁጥር ብቻውን አሪፍ የሚል ምልክት አስቀመጠልኝ፤ ከእሱ ይህ ብዙ ነው።

27 ከዘጌ ነው። የአባትየውን ስም በውስጥ መስመር ብልክለት ሽማግሌዎችን ጠይቆ የአያቷን ስም ሊያገኝ እንደሚችል ጻፈ፤ በቡናው ጥላ ሥር ሁሉም የሁሉንም ዘር የሚቆጥርበት አገር መሆኑን ጭምር። 28 ከውጭ ነው። በ2010 ፓርላማው የውጭ አገር ጉዲፈቻን ከመከልከሉ ከብዙ ዓመት በፊት የሄደ፣ አማርኛን ካደገ በኋላ የተማረ ልጅ። ፊደሉ ይሰናከላል። የራሱን አያት ስም እንደማያውቅ፣ እሷ ከተነገራት ምን እንደተሰማት ብትጽፍለት ደስ እንደሚለው ገለጸ። 29 አንድ ሰው ለሁለቱም ማልቀሱን ጻፈ።

ልጅቱን ጠየቅኳት። ከፈተናው በኋላ አለች። ፎቶውን ሳታይ አይደለም፤ አሻግራ አይታው ነው።

30 እኔ ነኝ። አስተዳዳሪው የክሩን ርዕስ እንዲቀይርልኝ ጠየቅኩ። ከ24 ሰዓት በኋላ ርዕስ እንደማይቀየር መለሰልኝ። ስለዚህ እንደተጻፈ አለ።

31 የመጣው ከእናቴ ስልክ ነው። እህቴ ናት። ሁሉንም ቁጥር ከላይ እስከ ታች እንዳነበበች፣ አንድ ስህተት ብቻ ልታርም እንደሆነ ጻፈች። የተቀመጠችው 4 ቀን አይደለም፣ 5 ነው። እኛ የመጀመሪያ የምንለው ቀን ሁለተኛው ነበር። በመጀመሪያው ቀን ክፍል የገባች መስሎን ማንም አልጠየቃትም፤ ዘበኛው ብቻ ከኪሱ ግማሽ እፍኝ ቆሎ አውጥቶ ሰጥቷት ነበር።